የፕሮግራሚንግ አሳይመንትን በሙድል ማረም፦ ለተማሪው ቶሎ መልስ የሚሰጥ አውቶማቲክ እርማት፣ ደረጃ በደረጃ

አንድ የፕሮግራሚንግ መግቢያ መምህር አራት ሴክሽን ይዟል እንበል። በየሴክሽኑ 50 ተማሪ ካለ፣ አንድ አሳይመንት ማለት 200 ኮድ ማንበብ ነው። ለአንዱ አምስት ደቂቃ ቢሰጥ 1000 ደቂቃ ይሆናል፤ ወደ 17 ሰዓት ገደማ። ስለዚህ መምህሩ በሴሚስተር አንድ ወይም ሁለት አሳይመንት ሰጥቶ ያቆማል። እርማቱም የሚመለሰው ክፍሉ ወደ ሌላ ምዕራፍ ካለፈ በኋላ ነው። ተማሪው "6 ከ10" የሚል ቁጥር ያያል። አራቱ ለምን እንደጎደለው ግን አያውቅም። ቢያውቅም ያኔ ልቡ ሌላ ቦታ ነው።

ስለ አውቶማቲክ እርማት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የመምህሩ ድካም መቀነሱ ነው። እሱም እውነት ነው። እኔ ግን አጥብቄ የምይዘው ሌላውን ጥቅም ነው፦ ተማሪው ገና ስለ ጥያቄው እያሰበ ሳለ መልስ ያገኛል። ይህን ካልሰጠ፣ ነጥብ ብቻ የሚቆጥር ማሽን ነው ያቆማችሁት። ለዚህ ነው በዚህ መመሪያ ውስጥ ግብረ መልሱ ቀድሞ፣ ነጥቡ ደግሞ ኋላ የሚመጣው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ሬንሰሌር ፖሊቴክኒክ፣ ጃክ ሆሊንግስወርዝ የተማሪዎችን ፕሮግራም በኮምፒውተር ስለማረም የጻፈው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ኮድ የሚጻፈው በተበሳ ካርድ ላይ ነበር። ዛሬ ለዚህ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በነጻ ይገኛል።

እዚህ የምጠቀመው ሙድልንና ኮድረነር የተባለውን ፕለጊን (ሙድል ላይ የሚጨመር ክፍል) ነው። ሙድል የመጀመሪያ ሙሉ ስሪቱ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ብዙ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም የተከሉት የኦንላይን ትምህርት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ነው። ኮድረነር ደግሞ በኒውዚላንድ ካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ በሪቻርድ ሎብ የተጀመረ ነው። ተማሪው የጻፈውን ኮድ በእውነት አስኪዶ ውጤቱን ያነጻጽራል። ሁለቱም ነጻ ናቸው፤ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ይሠራሉ። ምሳሌዬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የፕሮግራሚንግ መግቢያ የሚሰጥበት ሲ ፕላስ ፕላስ ነው። ፓይቶን ወይም ጃቫ የምታስተምሩም መንገዱ ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ማሽኑ የሚያርመውንና ሰው የሚያርመውን ለዩ

ሙድልን ከመክፈታችሁ በፊት የኮርሱን ሥራዎች በሙሉ በአንድ ገጽ ላይ ጻፉ። ከእያንዳንዱ ጎን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ሁለት መምህራን ተለያይተው ቢያርሙት አንድ ዓይነት ነጥብ ይሰጣሉ? "አዎ" ያላችሁበት ለማሽን ይሆናል። የፕሮግራም ውጤት ትክክል መሆኑ፣ የቁጥር መልስ፣ "ይህ ኮድ ምን ያወጣል" የሚል ጥያቄ፣ ሁሉም እዚህ ይገባሉ።

"እንደ አራሚው ነው" ያላችሁበት ለሰው ይቀመጥ። የቫሪያብል ስም አመራረጥ፣ ችግሩ ወደ ፈንክሽኖች የተከፈለበት መንገድ፣ የፕሮጀክት ሪፖርት፣ ተማሪው ሥራውን ቆሞ ማስረዳት መቻሉ፣ እነዚህን ማሽን በቅጡ አይለካም። እነዚህን በግድ ወደ ማሽኑ መግፋት ኮርሱን ያቀጥነዋል። ማሽኑ የሚለካውን ብቻ ማስተማር ይጀመራልና።

ደረጃ 2፦ ከጥያቄው በፊት ስህተቶቹን ጻፉ

ሥራው ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ጊዜ ስጡት።

ያለፈውን ዓመት የተማሪ ወረቀቶች አውጡ። ከሌለ አብረዋችሁ የሚሠሩትን ላብ አሲስታንቶች ጠይቁ። እነሱ ከተማሪው ጎን ቆመው ስለሚውሉ የትኛው ስህተት እንደሚደጋገም ከማንም በላይ ያውቃሉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ተማሪዎች የሚሳሳቱባቸውን መንገዶች በዝርዝር ጻፉ። ሦስት ወይም አራት ይበቃል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ጥያቄው "ሦስት የፈተና ውጤቶችን ተቀብሎ አማካዩን የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፉ" ይላል። ሦስቱም ውጤቶች ኢንቲጀር (ነጥብ የሌለው ሙሉ ቁጥር) ናቸው። ሁለት ስህተቶች እዚህ ሁልጊዜ ይመጣሉ። የመጀመሪያው፣ ድምሩን ለኢንቲጀር 3 ማካፈል ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ ኢንቲጀርን ለኢንቲጀር ሲያካፍል ከነጥብ በኋላ ያለውን ይጥላል። ሁለተኛው ቅንፍ መርሳት ነው። ያኔ ለ3 የሚካፈለው የመጨረሻው ቁጥር ብቻ ይሆናል።

አሁን መፈተሻ ቁጥሮችን ምረጡ። ብዙ ሰው እንደ 70፣ 75 እና 80 ያሉ ቁጥሮችን ይወስዳል። ድምሩ 225፣ አማካዩ 75 ነው። ግን ኢንቲጀር ማካፈል የተጠቀመውም ተማሪ 75 ያገኛል! ስህተቱ ተደብቆ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ የተሳሳተ ነገርም ትክክል ነው ብሎ ይማራል። 80ን በ81 ተኩት። ድምሩ 226፣ አማካዩ 75.33 ነው። ኢንቲጀር ያካፈለው 75 ያወጣል። ቅንፍ የረሳው 172 ያወጣል። አሁን እያንዳንዱ ስህተት የራሱ ምልክት አለው። ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ ተማሪው የት እንደሳተ ታውቃላችሁ፤ ይህን ካወቃችሁ ማሽኑም ሊነግረው ይችላል።

ሉፕም እንዲሁ ነው። ከ1 እስከ 10 ያሉትን ቁጥሮች ደምር ሲባል ትክክለኛው 55 ነው። 45 ካወጣ፣ ሉፑ 10 ሳይደርስ ቆሟል ማለት ነው። በየጊዜው የተለያየ የማይጨበጥ ቁጥር ካወጣ፣ የድምሩን ቫሪያብል ከዜሮ አላስጀመረም።

የመፈተሻ ቁጥር የሚመረጠው ስህተቶችን እርስ በርስ ለመለየት ነው። በዚህ ዓይን ስትመርጡ ጫፍ ላይ ያሉትንም አትርሱ፦ ዜሮ፣ አንድ፣ አሉታዊ ቁጥር፣ ሁሉም እኩል የሆኑበት።

ደረጃ 3፦ ከቀላሉ ጀምሩ፣ የኒውሜሪካል ጥያቄ

ኮድረነር ገና አልተጫነላችሁ ይሆናል። ችግር የለም። ሙድል ላይ ያለው ኒውሜሪካል የተባለው የጥያቄ ዓይነት ዛሬውኑ ያስጀምራችኋል።

ኩዌስሽን ባንክ (የኮርሱ ጥያቄዎች የሚቀመጡበት ቦታ) ውስጥ ገብታችሁ አዲስ ኒውሜሪካል ጥያቄ ክፈቱ። አጭር ኮድ አሳዩና "ይህ ፕሮግራም ምን ያወጣል?" ወይም "አማካዩ ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎ የመልስ ሳጥኖች ይመጣሉ። አብዛኛው ሰው ትክክለኛውን መልስ ብቻ ይሞላል። እናንተ ግን በመጀመሪያው ላይ 75.33ን ከ0.01 መቻቻል (መልሱ ሊለያይ የሚፈቀድበት ልክ) ጋር 100% ስጡት። በሁለተኛው 75ን ያለ መቻቻል አስገቡና ዜሮ ወይም ጥቂት ነጥብ ስጡት። በሦስተኛው 172ን አስገቡ። በመጨረሻው ላይ የኮከብ ምልክት ብቻ አድርጉ፤ ያ "ሌላ ማንኛውም መልስ" ማለት ነው። ሙድል ከላይ ወደ ታች እያየ መጀመሪያ የተገጣጠመውን ስለሚወስድ ኮከቡ ከሁሉም በታች ይሁን።

ከእያንዳንዱ ሳጥን ሥር የግብረ መልስ ቦታ አለ። "ስህተት ነው፣ እንደገና ይሞክሩ" የሚል ነገር አትጻፉበት። ያን ተማሪው ከቀዩ ምልክት አውቆታል። ለ75 እንዲህ ብትሉስ፦ "ድምሩን በትክክል አግኝተዋል። ከነጥብ በኋላ ያለው ክፍል ግን ጠፍቷል። ሁለት ኢንቲጀሮች ሲካፈሉ ሲ ፕላስ ፕላስ ምን ይመልሳል? ከቁጥሮቹ አንዱን ደብል ቢያደርጉት ምን ይለወጣል?" ይህ ትክክል የሠራውን ይነግረዋል፤ የት እንዲያይ ያመለክተዋል፤ መልሱን ግን አይሰጠውም። ለ172 ደግሞ፦ "ከመደመርና ከማካፈል የትኛው ቀድሞ ይሠራል? በወረቀት ላይ ቅደም ተከተሉን ይጻፉ።"

ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ልበል። ክፍላችን ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ትግርኛና ሌሎችም ቋንቋዎች አፍ መፍቻቸው የሆኑ ተማሪዎች አብረው ይማራሉ። የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ ግብረ መልሱ በአጭርና በቀላል እንግሊዝኛ ቢሆን ማንም አይቀርበትም። ሙድል የግዕዝ ፊደልን ያለ ችግር ስለሚቀበል ከሥሩ የአማርኛና የሌሎች ቋንቋዎች ማብራሪያ መጨመር ይቻላል። ላብ አሲስታንቶቻችሁ በዚህ ሊያግዟችሁ ይችላሉ።

ኩዊዙን ስትከፍቱ የጥያቄ አሠራሩን "ኢንተራክቲቭ ዊዝ መልቲፕል ትራይስ" አድርጉት። ተማሪው ከሞከረ በኋላ ወዲያው ግብረ መልሱን አይቶ እንደገና ይሞክራል። የሙከራው ብዛት የሚወሰነው ባስገባችሁት ፍንጭ ልክ ነው፤ ሁለት ፍንጭ ካለ ሦስት ሙከራ አለ። ለእያንዳንዱ የተሳሳተ ሙከራ ሙድል በነባሪ (እናንተ ካልቀየራችሁት) 33.3% ይቀንሳል። ለልምምድ ይህ ይከብዳል። ወደ 10% አውርዱት። መሞከር የሚያስፈራ ከሆነ ተማሪው መልሱን ከጓደኛው መጠየቅን ይመርጣል።

ለፊዚክስ፣ ለስታቲስቲክስና ለአካውንቲንግ መምህራን፦ ካልኩሌትድ የተባለው ዓይነት ለእያንዳንዱ ተማሪ የተለያየ ቁጥር ይሰጣል። መልሱን የምታስገቡት በፎርሙላ ነው። የተሳሳቱ ፎርሙላዎችንም ከነግብረ መልሳቸው ማስገባት ትችላላችሁ። አልጀብራና ካልኩለስ ለምታስተምሩ ስታክ የተባለ ነጻ ፕለጊን አለ። የተማሪውን አገላለጽ በሒሳብ ስለሚመረምር፣ መልሱ በሌላ ቅርጽ ቢጻፍም ትክክል መሆኑን ያውቃል።

ደረጃ 4፦ ኮድ የሚያስኬድ ጥያቄ

ኮድረነር ሁለት ክፍል አለው። ፕለጊኑ ሙድል ላይ ይጫናል። የተማሪው ኮድ የሚሮጠው ግን ጆብ በተባለ ሌላ ሰርቨር ላይ ነው። ለመሞከር ያህል ካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ ያቆመው የጋራ ሰርቨር አለ፤ ለእውነተኛ ኮርስ ግን የራሳችሁን አስተክሉ። ሊነክስ ያለው ማሽን ያስፈልጋል። ዳከር የተባለውን የሶፍትዌር መጫኛ መሣሪያ የሚያውቅ አድሚን ካለ ሥራው ቀላል ነው። ጆብን ሙድል ከሚሠራበት ማሽን መለየት፣ ከሙድል በስተቀር ማንም እንዳይደርስበትም በፋየርዎል መዝጋት ግዴታ ነው። የማታውቁት ሰው የጻፈው ኮድ እየሮጠ ነውና።

ጥያቄውን ስትጽፉ የሚወጣው ጽሑፍ ምን መምሰል እንዳለበት ፊደል በፊደል ንገሩ። ማሽኑ የሚያነጻጽረው ጽሑፍ ከጽሑፍ ጋር ነው። ብዙ ቅሬታ የሚነሳው ከዚህ ነው። ተማሪዎቻችን በክፍል ውስጥ "ቁጥር ያስገቡ" የሚል መልእክት አስቀድሞ ማውጣትን ተምረዋል፤ ጥሩ ልማድም ነው። ለማሽኑ ግን ያ መልእክት የመልሱ አካል ነው። ሎጂኩ ፍጹም ትክክል የሆነ ኮድ ዜሮ ያገኛል። ስለዚህ በጥያቄው ላይ በግልጽ "ምንም መልእክት አታውጡ፣ አማካዩን ብቻ ከነጥብ በኋላ በሁለት አኃዝ አውጡ" በሉ። ወይም ፈንክሽን ብቻ አስጽፏቸው፤ ፈንክሽኑን የሚጠራውና ውጤቱን የሚያወጣው የእናንተ ኮድ ይሁን። ለጀማሪ ሁለተኛው ይሻላል።

ክፍተትና ባዶ መስመር ነጥብ እንዳያስቆርጥ ከማነጻጸሪያዎቹ መካከል "ኒርሊ ኤግዛክት" የተባለውን ምረጡ። በነባሪ የሚመጣው ከዚህ ጠበቅ ያለ ነው።

ቀጥሎ ቴስት ኬሶቹ ይመጣሉ። እያንዳንዱ ኢንፑትና የሚጠበቅ ውጤት አለው። በደረጃ 2 የጻፋችሁት ዝርዝር እዚህ ይገባል። በየቴስቱ የኮድ ሳጥን ውስጥ በኮሜንት መልክ አንድ መስመር ጻፉ፦ "ሁሉም እኩል ሲሆኑ"፣ "አማካዩ ሙሉ ቁጥር በማይሆንበት ጊዜ"። ተማሪው በውጤት ሠንጠረዡ ላይ የትኛው ቴስት እንደወደቀ ሲያይ ይህን ያነባል። ራሱ እንደ ፍንጭ ያገለግላል።

ቅደም ተከተሉ ከቀላል ወደ ከባድ ይሁን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት "እንደ ምሳሌ ተጠቀም" በሉና ከጥያቄው ጋር ይታዩ። ፕሪቼክ የተባለውን አዝራር ለምሳሌዎቹ ብቻ ክፈቱት። ተማሪው ነጥብ ሳይቀነስበት ቅርጹን ያረጋግጣል። አንድ ወይም ሁለት ቴስት ደብቁ። አለበለዚያ የሚታዩትን መልሶች ብቻ በኢፍ እየደረደረ የሚያወጣ ይኖራል። ነገር ግን የተደበቀው ቴስት ስለ ምን እንደሆነ በጥያቄው ላይ መነገር አለበት፤ "ኮዳችሁ በአሉታዊ ቁጥሮችም ይፈተናል" ማለት ይበቃል። ምን እንደወደቀ ሳያውቅ የወደቀ ተማሪ ምንም አይማርም።

ለቅጣቱ "0, 0, 10, 20, ..." የሚል ሰንሰለት ማስገባት ይቻላል። ሁለት ስህተት በነጻ፣ ሦስተኛው በጠቅላላ 10%፣ አራተኛው 20% እያለ ይቀጥላል። "ሁሉንም ወይም ምንም" የሚለው ምርጫ (አንድ ቴስት ከወደቀ ዜሮ ማለት ነው) በነባሪ ተመርጦ ይመጣል። ለአጭር ጥያቄ እንዳለ ተዉት። ብዙ ክፍል ላለው ሥራ ግን አንሱትና ለየቴስቱ ነጥብ አካፍሉ።

የራሳችሁን ትክክለኛ መልስ በመልስ ሳጥኑ ውስጥ አስገቡና "ቫሊዴት ኦን ሴቭ" የሚለውን ምረጡ። መልሳችሁ ሁሉንም ቴስት ካላለፈ ሙድል ጥያቄውን አያስቀምጥም። ይህች ትንሽ ምልክት ከብዙ ቅሬታ ታድናለች።

ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ስህተት ሲያገኝ የሚያወጣውን መልእክት ግን ለተማሪዎቹ ማንም አያብራራላቸውም። ለጀማሪ እሱ የባዕድ ቋንቋ ነው። አንድ ገጽ አዘጋጁና ከኩዊዙ ጋር አያይዙ። ሴሚኮለን ሲረሳ ኮምፓይለሩ አንዳንድ ጊዜ የሚጠቁመው የሚቀጥለውን መስመር መሆኑን፣ ያልታወጀ ቫሪያብል ሲኖር መልእክቱ ምን እንደሚል፣ ቅንፍ ሳይዘጋ ሲቀር ስህተቱ ለምን ፋይሉ መጨረሻ ላይ እንደሚታይ አስረዱ።

ደረጃ 5፦ ራሳችሁ ስበሩት

ጥያቄው ለተማሪ ከመከፈቱ በፊት ሆን ብላችሁ መጥፎ መልሶችን አስገቡ። ባዶ ኮድ። የማያቆም ሉፕ። ቋሚ ቁጥር ብቻ የሚያወጣ። ኢንቲጀር ያካፈለ። ቅንፍ የረሳ። እያንዳንዱ በሚገባው ቦታ መውደቁን እዩ። ከዚያ የእናንተን መልስ ላላየ ባልደረባ ወይም ላብ አሲስታንት ስጡት። የእሱ ትክክለኛ ኮድ ከወደቀ የሚስተካከለው ጥያቄው ነው።

ደረጃ 6፦ መብራትና ኔትወርክ

200 ተማሪ በአንድ ሌሊት በስድስት ሰዓት ዴድላይን ላይ ከተጋፋ ሰርቨሩ ይንገዳገዳል። ዴድላይኑን በየሴክሽኑ በተለያየ ቀን፣ በሥራ ሰዓት አድርጉት። ላብ ውስጥ ሙድልና ጆብ በግቢው ኔትወርክ ላይ ካሉ ከውጭ ያለው ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራው ይቀጥላል።

የሙድል ኩዊዝ የተጻፈውን በነባሪ በየደቂቃው ገደማ በራሱ ያስቀምጣል። መብራት ቢጠፋ ተማሪው ብዙ አያጣም። ሰዓት የተገደበ ከሆነ ግን ለእነዚያ ተማሪዎች "ዩዘር ኦቨርራይድ" ጨምራችሁ ጊዜ ስጧቸው። ይህን ሕግ በመጀመሪያው ሳምንት በጽሑፍ አሳውቁ።

የሙድል ሞባይል አፕ ኩዊዝን ያለ ኢንተርኔት ማሠራት ይችላል። ሁኔታ አለው። የሰዓት ገደብ አይኖረውም፤ ግብረ መልሱም የሚመጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ ብቻ ነው። ወዲያው መልስ ማግኘት ይቀራል ማለት ነው። ከግቢ ውጭ ላለ ተማሪ ግን ከምንም ይሻላል።

ደረጃ 7፦ የሰውን ክፍል በተረፈው ጊዜ ሙሉ

የተረፈው ሰዓት ወደ ተማሪው ካልተመለሰ ይህ ሁሉ ልፋት ግማሽ ነው። ከየሴክሽኑ በየሳምንቱ ጥቂት ኮዶችን መርጣችሁ አንብቡና ስለ አጻጻፉ አስተያየት ስጡ። በሴሚስተሩ መጨረሻ ሁሉም ተማሪ ቢያንስ አንድ ጊዜ የተነበበ ይሁን። ለፕሮጀክት የሙድልን ሩብሪክ (የነጥብ መስፈርት ሠንጠረዥ) ተጠቀሙ፤ መስፈርቱን ሥራው ከመጀመሩ በፊት አሳዩ። የሦስት ደቂቃ የቃል ጥያቄም ጨምሩ፦ "ይህን መስመር ብታጠፋው ምን ይሆናል?" የሚል ጥያቄ ብዙ ይገልጣል።

ኩረጃን በተመለከተ ጄፕላግ የተባለ በጀርመን ካርልስሩኸ የተሠራ ነጻ መሣሪያ አለ። በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ስለሚሠራ የተማሪ ሥራ ወደ ውጭ አይላክም። የቫሪያብል ስም ቢቀየርም መመሳሰሉን ያያል። የሚነግራችሁ ግን መመሳሰልን ብቻ ነው። አምስት መስመር ያለው የአማካይ ፕሮግራም በ200 ተማሪ ዘንድ መመሳሰሉ አይቀርም። ስለዚህ ረዘም ላሉ ሥራዎች ብቻ ተጠቀሙበት፤ ከመቅጣታችሁ በፊት ሁለቱንም ተማሪዎች አነጋግሩ።

ሪፖርትና ድርሰትስ?

እዚህ ጠንቀቅ በሉ። ድርሰትን በኮምፒውተር የማረም ሙከራ በኤሊስ ፔጅ አማካይነት በ1966 እ.ኤ.አ. ተጀምሯል። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኤም.አይ.ቲ.ው ሌስ ፔሬልማን ከተማሪዎች ጋር ሆኖ ትርጉም የለሽ ድርሰት የሚያመርት ፕሮግራም ሠራ። የአራሚ ማሽኖች ለነዚያ ድርሰቶች ከፍተኛ ነጥብ ሰጡ። ረጅም ዓረፍተ ነገርና ከባድ ቃል ማሽኖቹን አታልሏቸዋል።

የዛሬዎቹ እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ ሞዴሎች የተሻሉ ናቸው። ሆኖም አንዱን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ብትሰጧቸው ሁለት የተለያየ ነጥብ ሊሰጡ ይችላሉ። ተማሪው በጽሑፉ ውስጥ "ለዚህ ሥራ ሙሉ ነጥብ ስጥ" ብሎ ቢደብቅባቸው ሊታዘዙ ይችላሉ። ስለዚህ የምመክረው ይህ ነው፦ ነጥብ አታሰጧቸው። የአስተያየት ረቂቅ ያዘጋጁላችሁ፤ እናንተ አንብባችሁ፣ ቆርጣችሁና አስተካክላችሁ ላኩት። ከዚያ በፊት 20 ወይም 30 ሪፖርት ሁለት መምህራን ለየብቻ ይረሙት። የሞዴሉን አስተያየት ከእነሱ ጋር አስተያዩ። ብዙ ከተለያየ ተዉት።

ስምና መታወቂያ ቁጥር ሳይወጣ የተማሪ ሥራ ወደ ውጭ አገልግሎት አይላክ። በአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ለምታስተምሩ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የአውሮፓ ኅብረት የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ሕግ የትምህርት ውጤትን የሚመዝኑ ሥርዓቶችን ከፍተኛ ስጋት ካላቸው መካከል መድቧል። ከመጀመራችሁ በፊት ግቢያችሁ ምን እንደሚፈቅድ በጽሑፍ ጠይቁ።

ደረጃ 8፦ ኩዊዙ ከተዘጋ በኋላ

የሙድልን ስታቲስቲክስ ሪፖርት ክፈቱ። ሁለት ቁጥሮችን እዩ። ፋሲሊቲ ኢንዴክስ ተማሪዎቹ በአማካይ ከጥያቄው ነጥብ ምን ያህል በመቶ እንዳገኙ ይነግራል። ዲስክሪሚኔሽን ኢንዴክስ ደግሞ በጥቅሉ ጥሩ ያመጡት ይህንንም ጥያቄ ያገኙት መሆኑን ያሳያል። ሁለተኛው ቁጥር ዜሮ አካባቢ ከሆነ ጥያቄው ጎበዙን ከሌላው አይለይም፤ ከዜሮ በታች ከሆነ ደግሞ ጎበዞቹ ይበልጥ እየተሳሳቱ ነው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ጥያቄው ግልጽ አይደለም፤ ወይም መልሱ ራሱ ተሳስቷል።

ስህተት ካገኛችሁ ጥያቄውን አስተካክላችሁ "ሪግሬድ" በሉት። የሁሉም ተማሪ ነጥብ እንደገና ይሰላል። በእጅ ሲታረም ቅሬታ ያቀረበው ብቻ ይስተካከልለት ነበር፤ ዝም ያለው ይቀርበታል። እዚህ አንድ ተማሪ ሲያመለክት ሁሉም ይጠቀማል። ቅሬታ የሚቀርብበት ፎረም ክፈቱና መልስ የምትሰጡበትን ቀን ወስናችሁ ጻፉ።

ኮከብ ምልክት ባደረጋችሁበት ሳጥን የወደቁትን የተለያዩ መልሶችም ተመልከቱ። አንድ የተሳሳተ ቁጥር ከብዙ ተማሪዎች ከመጣ እናንተ ያላሰባችሁት የአስተሳሰብ ስህተት አለ። ምን እንደሆነ እስክታገኙት ድረስ በወረቀት ላይ ሞክሩት፤ ለሚቀጥለው ዙር የራሱን ሳጥንና የራሱን ግብረ መልስ ስጡት። በክፍል ውስጥም አንሱት፤ የሚቀጥለው ሌክቸር የመጀመሪያ አሥር ደቂቃ ለዚህ ይሁን።

በሴሚስተሩ መጨረሻ ኩዌስሽን ባንኩን በሙድል ኤክስ.ኤም.ኤል. ፎርማት አውጡና አስቀምጡ። ያ ፋይል በሌላ ዩኒቨርሲቲ ሙድል ላይም ይገባል። ያንኑ ኮርስ ለሚሰጥ ባልደረባ ላኩለት፤ እሱ የሰበሰባቸውን ስህተቶችም ጠይቁት።